ይጾማል፣ ይጸልያል፤ ታዲያ ጥሩ ባል ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የሰው እምነትና አቋም ጠባዩን ያሳያል ወይ? ስለዚህ አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ከጥናቶች ጋር የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። አንድ ሰው ወደ ቤተሰቦቼ ሽማግሌ ልኳል። ሁዳዴን ሙሉውን ይጾማል፣ ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም፣ ቅዳሴ አያስታጉልም። እናቴ «እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ሚስቱን አይበድልም፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። እኔ ግን እስካሁን ያገኘሁት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። እምነቱን አይቼ እሺ ልበል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ እናትሽ ያዩት ነገር ባዶ አይደለም። 55 ቀን ሙሉ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ፣ እስከ ሰዓቱ እህል ሳይቀምስ የሚውል ሰው ራሱን መግዛት እንደሚችል በተግባር አሳይቷል። ግን የት ላይ እንደገዛው ልብ በይ። በምግብ ላይ ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም አብሮት እየጾመ። ቁጣ ቀን ቆርጦ አይመጣም። በር ተዘግቶ ሁለት ሰው ብቻውን ሲቀር ደግሞ አብሮ የሚጾም ጎረቤት የለም። በአንዱ ቦታ ያየሽው ልጓም በሌላውም እንዳለ ለማወቅ ሌላውን ቦታ ማየት ግድ ነው።

ነገሩን ቀረብ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1973 ያሳተሙት ነው። በአሜሪካ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚማሩ 40 ደቀ መዛሙርት አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተላኩ። ከፊሎቹ የሚናገሩት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስላለው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር፤ ከፊሎቹ ደግሞ ከምረቃ በኋላ ስለሚገኝ ሥራ። በሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮማትሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ሲያልፉት ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ያቃስታል። ገና ጊዜ እንዳላቸው ተነግሯቸው ከወጡት 63 በመቶው ረዱት። ሰዓቱ ልክ እንደደረሰ ከተነገራቸው 45 በመቶው። «ዘግይተሃል፣ እየጠበቁህ ነው» ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ እየተጣደፉ ሰውዬውን ተራምደውት ያለፉም ነበሩ። ስለ ሃይማኖታቸው አስቀድመው በመጠይቅ የሰጡት መልስ ማን እንደሚቆም ማን እንደሚያልፍ አልለየም።

40 ሰው ጥቂት ስለሆነ ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አትያዢያቸው። ደግሞም ካለፉት መካከል ተጨንቀውና ተረብሸው የደረሱ ነበሩ፤ ልባቸው ድንጋይ ሆኖ አልነበረም ያለፉት። እምነታቸው የእውነት ነበር፣ ጥድፊያው ግን በረታ። ትዳር ውስጥ ደግሞ ጥድፊያ፣ ድካም፣ የገንዘብ እጥረትና «አይሆንም» መባል በየሳምንቱ አሉ። ስድስቱንም ጊዜ የተገናኛችሁት ካፌ ከሆነ፣ ስድስት ቀን ሳይሆን አንድ ቀን ነው ያየሽው።

ስለዚህ ከመልሱ በፊት ጥቂት ወራት ጠይቂ። የሠርጉን ወጪ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተነጋገሩ፦ አዳራሹ ስንት፣ የተጠሪው ብዛት ስንት፣ ከማን ወገን ስንት። ከልብሽ በማትስማሚበት አንድ ነጥብ ላይ ሐሳብሽን ተናግረሽ ያዢው። የፈጠራ ፈተና አይሁን፤ በእውነት የምታምኚበት ይሁን። ያን ጊዜ ድምፁ ይነሣል? ለቀናት ያኮርፋል? ወንድምሽ ባለበት የሚሰጠው መልስና ለብቻችሁ ስትሆኑ የሚሰጠው ይለያያል? ማጥፋቱን ሲያውቅ «አጥፍቻለሁ» ይላል ወይስ ነገሩን ሳያነሣ ስጦታ ይዞ ይመጣል? አንዴ ማየት አይበቃም። ሐኪም የደም ግፊትን አንዴ ለክቶ መድኃኒት እንደማይጀምር ሁሉ፣ ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ሁኔታ ካየሽው በኋላ ነው መልክ የሚይዘው።

ሽማግሌዎቹም ሲያጣሩ «ጠባዩ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ አገሩ ሁሉ ያለው መልስ «ጥሩ ልጅ ነው» ነው። «መጨረሻ ሲናደድ ያያችሁት መቼ ነው? ምን አደረገ?» ይበሉ። «ተበድሮ ያውቃል? በስንት ጊዜ መለሰ?» ይበሉ። ቢያንስ ሦስት ሰው ከሦስት ቦታ ያስፈልጋል፦ የቤት አከራዩ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አንድ ከእሱ በታች የሆነ ሰው (ታናሽ እህቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ ተላላኪው)። አለቃውና የነፍስ አባቱ የሚያዩት የተሻለውን ገጽ ነው።

እምነቱንም ጠይቂው፣ ግን ጠበብ አድርገሽ። አይስክ አጅዘንና ማርቲን ፊሽባይን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፦ ሰፊ እምነት አንዱን የተለየ ድርጊት አይተነብይም፤ የብዙ ድርጊት ድምርን ግን በደንብ ይተነብያል። ስለ አንድ ድርጊት ያለ ጠባብ እምነት ደግሞ ያንኑ ድርጊት ይተነብያል። «ሃይማኖተኛ ነህ?» የሚለው ሰፊ ነው። «ሚስት ሳትናገር ብትወጣ፣ ብትከራከር፣ ምግብ ብታሳርር መምታት ይገባል?» የሚለው ጠባብ ነው። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ከወንዶች 28 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 63 በመቶ ነበሩ። የሁለተኛው ቁጥር ነገር ላንቺ ከባድ ነው። ችግር ቢመጣ አቤት የምትያቸው የእሱ እናትና አክስቶች ምን ብለው እንደሚያምኑም ቀድመሽ ማወቅ ይኖርብሻል፤ «ቻይው» የሚለው ምክር የሚመጣው ከዚያ ነውና።

አንድ ነገር ግን ከምንም ጋር አታመዛዝኚ። አንዴ እንኳ እጁን ካነሣ፣ ስልክሽን ካልፈተሽኩ ካለ፣ ከጓደኞችሽ ሊነጥልሽ ከጀመረ፣ ጾሙም ቅዳሴውም ሌላኛው የሚዛን ሳህን ላይ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። የመጨረሻው ገንዘብ ተቀባዬ ሃይማኖቱን በጣም አጥባቂ ነበር፤ ለዚያ ብዬ ነው የቀጠርኩት። 84,000 ብር አጉድሎ ጠፋ። አሁን ሌላ ልቀጥር ነው። ታማኝ ሰው በምን ይታወቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በጣም እናዝናለን። የደረሰብዎት ነገር ግን ሰውዬው ሲቀጠር አስመሳይ ነበር ማለት ላይሆን ይችላል። ዶናልድ ክሬሲ የተባለ የአሜሪካ ሶሺዮሎጂስት የተሰጣቸውን አደራ በልተው የታሰሩ ሰዎችን እስር ቤት ድረስ ሄዶ ካነጋገረ በኋላ በ1953 ያወጣው ጥናት ዛሬም የሒሳብ መርማሪዎች መመሪያ ነው። ሰዎቹ ለመስረቅ ብለው ሥራ የገቡ አልነበሩም። መጀመሪያ ለማንም መናገር ያፈሩበት የገንዘብ ችግር ገጠማቸው። ቀጥሎ እጃቸው ላይ ያለው ገንዘብ ያን ችግር ማንም ሳያውቅ እንደሚፈታው አዩ። ከዚያ ራሳቸውን የሚያሳምኑበት ቃል አገኙ፤ ብዙ ጊዜ «ተበድሬ ነው፣ እመልሰዋለሁ» የሚል። ይህ ቃል ለአማኝም ለኢአማኝም እኩል ይሠራል። እንዲያውም አማኙ በራሱ ዓይን ሌባ ሆኖ መታየት ስለሚከብደው ያ ቃል አብዝቶ ያስፈልገዋል።

የሐቀኝነት ነገር ከቦታ ቦታ እንደሚለያይም የቆየ ማስረጃ አለ። ሃርትሾርንና ሜይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1928 ባሳተሙት ጥናት ወደ 11,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ልጆችን ፈተና ሲያርሙ፣ ሲጫወቱ፣ ገንዘብ ሲይዙ ፈትነዋል። ፈተና ላይ ያጭበረበረው ልጅ ገንዘብ ላይ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ደካማ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለብዎት፤ አንዱ ሲቀጥሩ፣ አንዱ ከቀጠሩ በኋላ። ሁለተኛው ይበልጣል።

ሲቀጥሩ አምስት ጥያቄ አዘጋጅተው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ያቅርቡ። «ታማኝ ነህ?» አይሁን። «ሒሳብ ጎድሎብህ ያውቃል? ስንት ነበር? ለማን ነገርህ? እንዴት ተሞላ?» ይሁን። ገንዘብ ይዞ የሠራ ሰው ጎድሎበት የማያውቅ ብርቅ ነው። «በፍጹም» ብሎ ከሚምለው ይልቅ «350 ብር ጎድሎብኝ፣ ማታውኑ ለባለቤቱ ተናግሬ ከደመወዜ ተቆረጠ» የሚለው ብዙ ይነግርዎታል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ እዚያው ይስጡ፤ ሲያድር ትዝ የሚልዎት ፊቱ ብቻ ነው። የቀድሞ አሠሪውን ሲጠይቁ አመልካቹ በሰጠዎት ስልክ አይደውሉ፤ ድርጅቱን ራስዎ ፈልገው ያግኙ። የጓደኛውን ቁጥር የሚሰጥ አለና።

ከቀጠሩ በኋላ፦ የመሳቢያው መነሻ ዝርዝር ብር ቁርጥ ይሁን፣ ለምሳሌ 2,000 ብር። ማታ ሁለት ሰው ቆጥሮ ሁለቱም ይፈርሙ። ብር የሚቀበለው ሰው መዝገቡን አይጻፍ። በሳምንት አንዴ፣ ቀኑን ሳያስታውቁ፣ በሥራ ሰዓት ይቁጠሩ። በቴሌብር የሚከፈለው በሱቁ ስም በወጣ ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ቁጥሩን ደንበኛው በሚያየው ቦታ ይለጥፉት። አሁን አሁን ጉድለቱ የሚጀምረው ደንበኛው በገንዘብ ተቀባዩ የግል ስልክ ሲልክ ነው። በዓመት አንድ ሙሉ ሳምንት የግድ እረፍት ይውጣና ሌላ ሰው ይተካው፤ በየቀኑ የሚሸፋፈን ጉድለት የሚሸፍነው ሰው ሲርቅ ይገለጣል።

ክሬሲ ያገኘው የመጀመሪያው ነገር ደግሞ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ የሆነ መፍትሔ አለው። በችግር ጊዜ እስከ አንድ ወር ደመወዝ ብድር እንደሚሰጡና በስድስት ወር እንደሚቆርጡ በተቀጠረበት ቀን ይንገሩት። እናቱ ሆስፒታል የገባችበት ልጅ ወደ መሳቢያው ከማየቱ በፊት ወደ እርስዎ የሚመጣበት መንገድ ይኑረው።

ይህ ሁሉ ሰውን አለማመን መስሎ ከታየዎት እቁብዎን ያስቡት። 12 ሰው በወር 5,000 ብር በሚጥልበት እቁብ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው 60,000 ብር ይዞ ሲሄድ ገና 55,000 ብር መጣል ይቀረዋል። ስለዚህ ዳኛው ብሩን ከመስጠቱ በፊት ዋስ ይጠይቀዋል። መጨረሻ የሚደርሰው ዕዳ ስለማይቀርበት ዋስ አያስፈልገውም። ዋስ የሚጠራው በዕዳው ልክ ነው፤ የማንም ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ማንም አይቀየምም።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ ሰዎችስ? እነሱ የተሻለ ጠባይ የላቸውም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኤሪክ ሽዊትዝጌብልና ጆሹዋ ረስት የተባሉ ፈላስፎች ይህንኑ ጠይቀው በ2014 አሳትመዋል። የአሜሪካ የሥነ ምግባር መምህራን እንስሳ አርዶ መብላት ስህተት ነው በማለት ከሌሎች መምህራን እጅግ በልጠው ተገኙ። ባለፈው ራት ሥጋ በልተው እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ከሌሎቹ የረባ ልዩነት አልነበራቸውም። አቋማቸው ከሌሎቹ ተለይቷል፤ ራታቸው ግን አልተለየም።

ጥያቄ፦ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ በፌስቡክ የሚጽፈው የፖለቲካ አቋም ያስደነግጠኛል። በአካል ሳገኘው ግን ያው የማውቀው ደግ ሰው ነው፤ አባቴ ሲያርፍ ለሦስት ቀን ቤቴ ያደረ እሱ ነው። የትኛው ነው እውነተኛው? ልተወው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱም እሱ ነው። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ የስታንፎርድ መምህር ከ1930 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ከአንድ ወጣት ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። ያኔ በአገሩ በቻይናውያን ላይ ያለው ጥላቻ ብርቱ ነበር። 251 ሆቴልና ምግብ ቤት ገቡ፤ አንመለከታችሁም የተባሉት በአንዱ ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላ «ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁ?» የሚል ደብዳቤ ለቦታዎቹ ላከ። ከመለሱት 128 ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ «አናስተናግድም» አሉ። ጥናቱ እንከን አለበት፦ ደብዳቤውን የመለሰው ሰው እንግዳ የተቀበለው ሰው ላይሆን ይችላል፣ እንግዶቹም ከነጭ አሜሪካዊ ጋር ነበሩ። ቢሆንም ዋናው ነገር ይታያል። ስለ «እነሱ» ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰውና ፈገግ ያለ ሰው ከነሻንጣው ፊቱ ሲቆም የሚመልሰው ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ፌስቡክ ያ ደብዳቤ ነው፤ የለቅሶው ቤት ደግሞ የሆቴሉ በር።

ይህ ሲባል ግን ጽሑፉ ምንም አይደለም ማለታችን አይደለም፤ ጽሑፉ ወደ ሌሎች ሰዎች በር ይደርሳልና። አብዛኛው የፖለቲካ አቋም ሰው ከተወለደበት፣ ካደገበት ቤትና ከሚሰማው ዜና የመጣ ስለሆነ ስለ ጠባዩ የሚነግርህ ጥቂት ነው። አቋሙን የያዘበት መንገድ ግን ይነግርሃል። ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠ ወሬ ሲያጋራና ስታሳየው ያነሣዋል ወይስ ሌላ ይጨምራል? በሌላው ወገን የሞተው ሰው ሞት ሲነገረው ያዝናል? ያን ወገን የሆነ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? የእሱ ወገን ሲያጠፋ አንዴ እንኳ «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ ያውቃል? የመጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ጓደኛ ታስቀይማለች፣ «ላይክ» ታሳጣለች። ሰው ዋጋ ከፍሎ የተናገረውን በነፃ ከተናገረው አትቀላቅለው።

ድንበርም አለ። የተወሰኑ ሰዎች ቢገደሉ፣ ቢፈናቀሉ ይገባቸዋል ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ይህ ሰፊ አቋም አይደለም፤ ቀደም ብለን ለአዳማዋ እህታችን እንዳልነው ጠባብና ስለ አንድ ድርጊት የተነገረ ነው። ቃሉን ቃል ብለህ ውሰደው። ለመተው ከመወሰንህ በፊት ግን በኮሜንት ሥር ሳይሆን ቡና ጠርተኸው፣ ያን ጽሑፍ ስልክህ ላይ ከፍተህ፣ «ይህን ለእከሌ እናት ፊት ለፊት ትለዋለህ?» ብለህ ጠይቀው። እከሌ ሁለታችሁም የምታውቁት ሰው ይሁን።

ጥያቄ፦ እናቴን መጦር ግዴታዬ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ደመወዜ 1,500 ድርሃም ነው። ሦስት ወር ሆነኝ ምንም አልላክሁም፤ አፍሬም ስልክ መደወል ትቻለሁ። አስመሳይ ነኝ? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህታችን፣ አስመሳይ ሰው አያፍርም። እምነትሽ የት እንደሚያምሽ ነግሮሻል፤ ገንዘቡን የሚልከው ግን ሌላ ነገር ነው።

ባትሰን (ያው የፕሪንስተኑ) በ1990ዎቹ ሌላ ሙከራ አድርጎ ነበር። ሰዎች ለራሳቸውና ለማያውቁት ሰው ሥራ እንዲያከፋፍሉ ተደረገ፤ አንዱ ሥራ ደስ የሚል፣ ሌላው አሰልቺ። ሳንቲምም ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ሳንቲም መጣል ትክክለኛው መንገድ ነው አሉ፤ ግን ከጣሉትም መካከል ከ10 ሰው 9 የሚሆኑት ደስ የሚለውን ለራሳቸው መደቡ። መስተዋት ፊት ተቀምጠው ሲጥሉ ግን ለራሳቸው ያደሉት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆኑ፤ ሳንቲም በእውነት ሲጣል የሚመጣው ያ ነው። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሞሮኮ ማራኬሽ የሚሠሩ ባለ ሱቆች አዛን እየተሰማ ሲጠየቁ ከሌላው ሰዓት ይልቅ ለምጽዋት አብልጠው እንደሚሰጡ አገኘ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ሃይማኖታቸውም ያው። እምነት ሥራ የሚሠራው በሰዓቱ ፊት ለፊት ሲቆም ነው።

የአንቺ ገንዘብ የሚጠፋው «ወር መጨረሻ ላይ ከተረፈኝ እልካለሁ» ስለምትዪ ነው፤ በ1,500 ድርሃም የሚተርፍ የለም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ በ1999 እንዳሳየው «አደርገዋለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሲሆን፣ ያን አደርጋለሁ» ብሎ ሰዓቱንና ቦታውን መቁረጥ የታሰበው እንዲፈጸም በእጅጉ ይረዳል። አንቺም እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «ደመወዝ የገባ ቀን፣ ከሥራ ስወጣ፣ ሌላ ምንም ሳልገዛ፣ 200 ድርሃም እልካለሁ።» 500 ብለሽ አትጀምሪ፤ ሁለተኛው ወር ላይ ይሰበርና እንደገና ታፍሪያለሽ። ወረቀቱን የእናትሽ ፎቶ ካለበት አጠገብ ለጥፊው፤ መስተዋቱ እሱ ነው። ላኪው ድርጅት የሚቆርጠውንም ቀድመሽ ጠይቂ። ትንሽ ገንዘብ ብዙ ጊዜ መላክ ክፍያው ይበላዋልና በየሁለት ወሩ 400 መላክ የሚሻል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን 200 ለምታምኛት ጓደኛ አስቀምጪያት።

ስልኩን ግን ደመወዝ ድረስ አታቆዪው። ዛሬ ማታ ደውዪ። «እማዬ፣ ብር የለኝም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» በያት።